ልጆቻችን ሥራን የት ያዩታል?

(በአትላንታ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና የሕፃናት መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ)

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግ አደረጋችሁ፤ ስለ እነሱ በሌሉበት ከማውራት እየተንጫጩ ቢሰሙን ይሻላል።

የዛሬው ርእሳችን ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከትምህርት ቤት ስለ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ስለ ፖስተኛ፣ ስለ ነርስ፣ ስለ ፖሊስ ተምረው ይመጣሉ። አንዳንዴ የእሳት አደጋ መኪናው እስከ ግቢያቸው ይመጣላቸዋል፣ አንዳንዴ እነሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ያዩትን ይሥሉታል፣ በካርቶን ይሠሩታል፣ ይጫወቱታል። ብዙዎቻችሁ ልጃችሁ ቀይ የፕላስቲክ ቆብ ደፍቶ ሲመጣ ፎቶ አንሥታችሁ ለአያት ልካችሁ በዚያው አልፋችሁታል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ነገሩ በቆቡ እንዳያልቅ ልለምናችሁ ነው። ንግግሬ ሦስት ነገር ይነካል፤ ይህ ትምህርት ለምን እንዳስፈለገ፣ አንድ ጉብኝት በእርግጥ ትምህርት የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ በመጨረሻም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው የሠራተኞች ሥዕል የቀሩት እነማን እንደሆኑ። የመጨረሻው እናንተን ራሳችሁን ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቶችን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በሀገር ቤት ሥራ አደባባይ ላይ ነው። ልጅ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ቆሞ ያያል። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ሲረግጥ ያያል። እናቱን ተከትሎ ወፍጮ ቤት ይሄድና ዱቄት ለብሶ ይመለሳል። የዕድሩ ጥሩንባ በንጋት ሲነፋ ከአልጋው ሳይወርድ በሰፈሩ ሰው እንደሞተ፣ ድንኳን እንደሚተከል፣ እናቱ ዛሬ እንደማትውል ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ዕቃ ዕቃ ሲጫወት ያንኑ ይደግመዋል፤ አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዱ ይነግዳል፣ አንዱ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ልጅ ማንም ጉብኝት አላዘጋጀለትም፤ አላስፈለገውምና።

እዚህ ግን የልጃችን ዓለም ከቤት በር እስከ መኪናው ወንበር፣ ከመኪናው ወንበር እስከ ትምህርት ቤት በር ነው። አባባ «ሥራ» ይሄዳል፤ ሥራ የሚባለው ቦታ ምን እንደሚመስል ልጁ አያውቅም። ኤርፖርት የሚሠራው አባት በመታወቂያ ካርድ ብቻ በሚከፈት በር ገብቶ ይሰወራል። አረጋውያን የምትንከባከበው እናት የምትሠራው በሰው ቤት፣ በሰው መኝታ ክፍል ነው። ሌሊት መጋዘን የሚያድረው ወንድም ልጆቹ ሲነቁ ይተኛል። ምግቡ ከመደርደሪያ ይመጣል፣ ውኃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ ቆሻሻው ማክሰኞ ይጠፋል። እጁ የታየ ሰው የለም። በአትላንታ የሚያድግ ልጅ የሠራተኛውን ልፋት ሳያይ የሥራውን ፍሬ ብቻ እየተቀበለ ሊያድግ ይችላል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ካሮላይን ፕራት የምትባል መምህርት በ1914 ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከተማው በፋብሪካና በማሽን ሞልቶ ልጆች ነገር ከየት እንደሚመጣ የማያዩበት ዘመን ነበር። ፕራት ልጆቹን ሐድሰን ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ወደብ ትወስዳቸው ነበር፤ መርከብ ሲራገፍ፣ ጎታች ጀልባ ሲገፋ ያያሉ። ተመልሰው ደግሞ ራሷ በነደፈቻቸው የእንጨት ብሎኮች ወለሉ ላይ ወደቡን ይሠሩታል። ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የምታዩአቸው እነዚያ ያልተቀቡ፣ አንዱ የሌላው ግማሽ ወይም እጥፍ የሆኑ ብሎኮች የእሷ ሥራ ናቸው። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የትምህርት ቤቱን ሱቅና ፖስታ ቤት በእጃቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እዚያ የሚሸጠው ዕቃም የሚመላለሰው ደብዳቤም እውነተኛ ነበር።

አብራት የሠራችው ሉሲ ስፕራግ ሚቼል በ1921 ባሳተመችው የሕፃናት ተረቶች መጽሐፍ የበለጠ ደፈረች። ለትንሽ ልጅ ከንጉሥና ከጭራቅ ተረት በፊት በመንገዱ የሚያልፈው መኪና፣ በረንዳው ላይ የሚደርሰው ወተት አመላላሽ ይነገረው አለች። የዘመኑ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ተቆጡ፤ ተረት የሌለው ልጅነት ምን ሊባል ነው ብለው ሞገቱ። በዚህ ነገር እኔ ከሁለቱም ወገን ነኝ። የአያ ጅቦንና የእሜቴ ጦጢትን ተረት ለማንም አልለውጥም። ነገር ግን ጅቦን አውቆ ቆሻሻ የሚወስድለትን ሰው የማያውቅ ልጅ አንድ ነገር እንደጎደለው ሚቼል ያየችው እውነት ነው።

ወደ ራሳችን ግዛት፣ ወደ ጆርጂያ ልመለስ። ይህ ግዛት ለአራት ዓመት ልጆች ነፃ ትምህርት በሙከራ የጀመረው በ1992፣ በአገረ ገዢው በዜል ሚለር ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሕዝቡ በድምፁ ሎተሪን ፈቀደ፤ ትርፉም ለትምህርት እንዲውል ተወሰነ። ከ1995 ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ ሳይጠየቅ፣ ሴፕቴምበር 1 ላይ አራት ዓመት የሞላው የጆርጂያ ልጅ ሁሉ፣ ቦታ እስከተገኘ ድረስ መማር ይችላል። ትምህርቱ በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በዓመት 180 ቀን ነው። ገና ያላስመዘገባችሁ ካላችሁ ስንጨርስ አነጋግሩኝ። ደግሞ አንድ የሚያስቀኝን ነገር ልንገራችሁ። የሎተሪው ትኬት የሚሸጠው ነዳጅ ማደያና ትንንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። እነዚያ ባንኮኒዎች ጀርባ ስንት ሐበሻ እንደቆመ እናንተ ታውቃላችሁ። ቀኑን ሙሉ ትኬት ሲቆርጥ የዋለው ወንድማችን የልጁን መምህርት ደመወዝ በከፊል እየሰበሰበ ነው ማለት ነው፤ ልጁ ግን «ሰፈራችንን የሚያገለግሉ ሰዎች» ከሚለው ሥዕል ላይ አባቱን አያገኘውም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጉብኝት ሁሉ ትምህርት አይደለም። አርባ ልጅ ተሰልፎ ቀይ መኪና ዙሪያውን ይዞራል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ከረሜላ ይታደላል፣ ያልቃል። ልጆቹ ተደስተዋል፤ ደስታውን አልነቅፍም። የተማሩት ግን መኪናው ቀይ መሆኑን ነው፤ ያንን ደግሞ ቀድሞም ያውቁት ነበር።

በደንብ የተሠራ የእሳት አደጋ ጉብኝት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በኦክቶበር ነው፤ በ1871 የቺካጎ ከተማ የተቃጠለችበት ወር ስለሆነ ከ1925 ጀምሮ የእሳት መከላከያ ሳምንት በመላው አሜሪካ የሚታሰበው ያኔ ነው። ሠራተኛው ልጆቹ ፊት ሲደርስ በሸሚዝ ነው። ስሙን ይነግራቸዋል፣ ወለል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እያዩት አንድ በአንድ ይለብሳል፤ መጀመሪያ ሱሪውንና ቦቲውን፣ ቀጥሎ ከባዱን ኮት፣ የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው፣ በመጨረሻ ጭምብሉን። ጭምብሉ ሲገባ ፊቱ ይጠፋል፣ ትንፋሹ ጎልቶ ይሰማል፣ ድምፁ የሰው አይመስልም። አንዳንድ ልጅ ያለቅሳል። ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ «አሁንም እኔ ነኝ» ይላቸዋል፤ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እነሱ ይመጣል፤ ሲደርስ ጓንቱን እንዲነኩ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁሉ ትርዒት የሚደረገው በምክንያት ነው። ቤት ሲቃጠል ትንሽ ልጅ ከመሮጥ ይልቅ መደበቅ ይቀናዋል፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያ ጭምብል ያደረገ ፍጡር እየዳኸ ሲመጣ ሊያድነው የመጣ ሰው መሆኑን ካላወቀ ከእሱም ይሸሻል። ሸሚዝ ለባሹ ሰውዬ ዓይኑ እያየ ሲለወጥ ያየ ልጅ ግን ጭምብሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል። አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉብኝት ልጅን ከሞት የሚያስጥልበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። የፕላስቲኩ ቆብ ይህን አያደርግም።

ከዚሁ ጋር የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ፣ የ911 ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው እዚሁ ጎረቤታችን አላባማ፣ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በፌብሩዋሪ 1968 ነው። መምህራን ልጆቹን በአሮጌ ስልክ ያለማምዷቸዋል፤ ምን ሆነ? የት ነህ? ስምህ ማን ነው? እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ሌሎች የማያጋጥማቸው ነገር ያጋጥማቸዋል። መምህርቷ «የእናትህ ስም ማን ነው?» ስትለው «እማዬ» ይላል። ሙሉ ስሟን ቢያውቅ እንኳ የእናቱ የመጨረሻ ስም የአያቱ ስም ነው፣ የእሱ ደግሞ የአባቱ ወይም የሌላኛው አያቱ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች አሉ። አሜሪካዊው ግን የእናትና የልጅ ስም አንድ ይሆናል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ልጃችሁ የእናትና የአባቱን ሙሉ ስም፣ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር በቃሉ ይያዝ። ሀሁን በዜማ እንዳስጠናችሁት ይህንንም በዜማ አስጠኑት፤ አይረሳውም። ትልልቆቻችሁም ብትሆኑ በድንጋጤ ሰዓት እንግሊዝኛው ቢጠፋባችሁ «አማርኛ» በሉ፤ ብዙዎቹ የ911 ማእከሎች አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ።

ስለ ፖስተኛው አጭር ነገር ልበል። የፖስታ ቤቱ ነጭ መኪና መሪ በቀኝ በኩል ነው። ትልልቆች ዓመታት አልፈውት አላስተዋሉትም፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ቆሞ ካየው ሾፌሩ «በተሳሳተው ወንበር» እንደተቀመጠ ወዲያው ይነግራችኋል። ጥሩ መምህርት መልሱን አትነግረውም። «ለምን ይመስልሃል?» ትለዋለች፤ ከዚያ መኪናው ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲሄድ አብረው ያያሉ። ፖስተኛው ሳይወርድ፣ እጁን በመስኮት ሰድዶ ደብዳቤውን ሣጥኑ ውስጥ ሲከት ሲያይ ልጁ ራሱ ይደርስበታል። ይህ ማሰብ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ ሥዕል ሥሎ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ በራሱ እጅ ፖስታ ቤት ያስገባዋል፤ ከቀናት በኋላ ሥዕሉ ቤቱ ይደርሳል። እኛ ያደግነው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ደብዳቤ እስከ በራችን አይመጣም ነበር፣ እኛ ነን የምንሄድለት። ስለዚህ ያን ቀን ሣጥኑን ስትከፍቱ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ተገረሙ፤ ማስመሰልም አያስፈልጋችሁም።

ከጉብኝት በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ከጉብኝቱ አይተናነስም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው በላይ እንደሚሆን ጽፏል። በተራ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም የማይችል ልጅ ዘበኛ ሆኖ ሲጫወት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዘበኛ ይቆማልና። ሐኪም የሆነችው ልጅ ተራ ታስጠብቃለች፣ ታዳምጣለች፣ «ይጻፍ» ብላ ትጭራለች። ፊደል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባት ያኔ ነው። በሀገራችን ይህን ዕቃ ዕቃ ብለን «ልጆቹ ሥራ ፈተዋል» እያልን እናልፈው ነበር። አሁንም «ገንዘብ የምንከፍለው ሊጫወት ነው?» የሚል ወላጅ አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል። ለጥያቄው አልቆጣም፤ በቄስ ትምህርት ቤት በዱላ ጥቆማ ሀሁ የቆጠረ ሰው ቢጠይቅ ያምርበታል። ነገር ግን ኑና ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ጨዋታውን አዳምጡ እላችኋለሁ፤ ስንት አዲስ ቃል እንደሚወጣ ቁጠሩ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ፖስተኛ፣ መምህርት። ሁሉም የደንብ ልብስ አላቸው፣ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ጥያቄዬ ይህ ነው። ማን ወደዚህ ሥዕል ይገባል? ማንስ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ከአትላንታ የተሻለ ከተማ የለም።

ኦበርን አቬኑ ከቡልቫርድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ በ1894 የተሠራ አሮጌ የእሳት አደጋ ጣቢያ አለ፤ ቁጥር 6 ይባላል። እስከ 1991 አገልግሎ አሁን የማርቲን ሉተር ኪንግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ሆኗል፤ ልጆቻችሁን ውሰዷቸው፣ ውስጡ አሮጌ የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል። ያ ሰፈር እሳትን ያውቀዋል። በሜይ 21 ቀን 1917 በዚያ አካባቢ የተነሣው እሳት ሁለት ሺህ ያህል ቤት አውድሞ አሥር ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ አድርጓል፤ እሳቱን ለመቁረጥ ቤቶችን በድማሚት እስከ ማፍረስ ተደርሶ ነበር። ኪንግ በ1929 የተወለደበት ቤት ከጣቢያው ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ነው። ትንሹ ማርቲን የጣቢያውን መኪና ሲወጣና ሲገባ እያየ አደገ ማለት ነው። ነገር ግን ሰፈሩ የጥቁሮች ሆኖ ሳለ ያን የደንብ ልብስ የሚለብስ አንድም ጥቁር አልነበረም። አትላንታ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ 16 ሰዎች፣ የቀጠረችው በ1963 ነው፤ ኪንግ ያኔ 34 ዓመቱ ነበር። ፖሊሶቹም እንደዚያው። በ1948 የተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ጥቁር ፖሊሶች ነጭን ማሰር አይችሉም ነበር፤ በፖሊስ ጣቢያው ስላልተፈቀደላቸው መሥሪያ ቤታቸው የባትለር ስትሪት የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ሕንፃ ነበር፤ የደንብ ልብሳቸውንም ለብሰው ከቤት መውጣት ተከልክለዋል።

ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ ተናገሩ አልልም። መምህርቷና ወላጁ ግን ሊያውቁት ይገባል። ሰፈርን ማገልገል ራሱ የተከለከለበት ዘመን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ልጁ «እኔም እችላለሁ?» ሲለው በችኮላ አይመልስም።

ጃንዋሪ ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ የኪንግ ልደት ይከበራል፤ ልጆቹ ስለ ሕልሙ ይዘምራሉ። የሞተበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በፌብሩዋሪ 1968 በሜምፊስ ከተማ ሁለት የቆሻሻ መኪና ሠራተኞች በመኪናው መጨፍለቂያ ውስጥ ተይዘው ሞቱ። 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። ኪንግ ወደ ሜምፊስ የሄደው እነሱን ለመደገፍ ነበር፤ በኤፕሪል 4 የተገደለውም እዚያው ነው። የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ሰው የመጨረሻ ሥራው ስለ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች መቆም ነበር። የአራት ዓመት ልጆች ደግሞ ከምንም በላይ የሚወዱት የቆሻሻ መኪናን ነው፤ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁታል። ስለዚህ በጃንዋሪ የቆሻሻ መኪና ሾፌር ክፍል ውስጥ ጋብዙ። ከዚህ የተሻለ የኪንግ በዓል አላውቅም።

እኛም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለንም። ማረሻ የሠራልንን አንጥረኛ፣ ጋቢ የሠራልንን ሸማኔ፣ ምጣድ የሠራችልንን ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ያለፋልንን ሰው ምን ብለን ስንሰድባቸው እንደኖርን ታውቃላችሁ። ዕቃቸውን ወስደን ማዕዳችንን ከልክለናቸዋል፤ ቡዳ ብለን ልጆቻቸውን ከልጆቻችን ለይተናል። አጼ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ተራ ነገር ስለነበር ነው። ይህን የማነሣው አሮጌ ቁስል ለመቆስቆስ ብዬ አይደለም። ያ ዓይናችን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሮን የመጣ ስለሚመስለኝ ነው፤ አሁን ደግሞ የምናፍረው በራሳችን ሥራ ሆኗል።

በሀገሩ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው እዚህ ፓርኪንግ ይሠራል። ወደ ልጁ ክፍል ሄዶ ስለ ሥራው እንዲናገር ሲጋበዝ «ጊዜ የለኝም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ጊዜ የለውም። አንዳንዴ ግን ልቡ አልፈቀደም። በዚህ ሰው አልፈርድም። የወረደበት ደረጃ ሲያመው የሚያውቀው እሱ ነው። ነገር ግን ልጁ ደረጃ የሚባለውን ገና አያውቅም። አራት ዓመቱ ነው። የአባቱ ሥራ መቶ ቁልፍ ያለበት ሰሌዳ እንዳለው፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር እንዳለው፣ አባቱ የማንም መኪና እንዳይጠፋ እንደሚጠብቅ ቢሰማ አባቱን የሚያየው እንደ ባለሥልጣን ነው። መምህርቷም ትደሰታለች፤ ቁጥር ከቁጥር ማዛመድ የሒሳብ ትምህርቷ ነው።

እስቲ በየሥራችሁ እንሂድ። የአትላንታ ኤርፖርት ከ1998 ወዲህ ከጥቂት ጊዜ በስተቀር በመንገደኛ ብዛት በዓለም ቀዳሚ ነው። ከ2023 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያርፍበታል። አውሮፕላን ወደ ቦታው የምትመሩ ወንድሞች አላችሁ። ሁለቱን የሚያበሩ ዘንጎች፣ ወይም በነሱ ፈንታ ሁለት የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዛችሁ ኑ። እጅን ከጭንቅላት በላይ ማጣመር «ቁም» እንደሆነ አሳዩአቸው፤ ከዚያ አንዱ ልጅ መሪ፣ ሌሎቹ ክንፋቸውን የዘረጉ አውሮፕላን ይሁኑ። አረጋውያን የምትንከባከቡ እኅቶች፣ አንድን ሰው ከወንበር ስታስነሡ ወገቡ ላይ የምታስሩትን ቀበቶ አምጡ። ክብደት እንዴት በወገብ ሳይሆን በጉልበት እንደሚነሣ፣ ከማንሣት በፊት «አሁን ላነሣዎት ነው» ተብሎ ለሰውዬው እንደሚነገር አሳዩአቸው። ይህን የመጨረሻውን አደራ አትርሱ፤ አሻንጉሊታቸውን ሲያነሡ ይሉታል። ታክሲ የምትነዱ፣ በመስታወት ወደ ኋላ ማየትን አስተምሩ። ነርሶችና ፋርማሲስቶች ምንም አልመክራችሁም፤ እናንተን ሥዕሉም ያውቃችኋል።

ቦታ ፈልጋችሁ ክፍሉን ሁሉ የምትወስዱ ከሆነ የዲካልብ ገበሬዎች ገበያ ቅርባችሁ ነው። በ1977 የተከፈተ ነው፤ ከልዩ ልዩ ሀገር የመጡ ሰዎች ይሠሩበታል። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት መለያ ስማቸውንና የሚናገሯቸውን ቋንቋዎች ይነግራል። የእናንተ ልጅ ዓሣ ቆራጩ ደረት ላይ አማርኛ የሚል ሲነበብለት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅታችሁም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አማርኛ የቤት ነገር ነበር። አሁን ሥራ የሚሠራበት፣ ደንበኛ የሚስተናገድበት ቋንቋ ሆነ። በአማርኛ ሰላም ይበለው፤ ጓደኞቹም ይስሙት።

ክፍል ስትገቡ እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል ብላችሁ አትስጉ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ሰዋስው አያርምም፤ እጃችሁን ነው የሚያየው። የማትችሉትን በአማርኛ በሉት፤ ልጃችሁ ይተርጉም፣ ኩራቱ ይበዛለታል። ከአሠሪ ዕቃ የምትወስዱ ከሆነ አስፈቅዱ። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ የሚነካ ነገር ይብዛ።

አንድ ነገር ብቻ ክፍል ውስጥ እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። ለልጆቻችን ከማሰብ የመጣ ነው፣ ሁላችንም በቤታችን ብለነዋል፤ «እንደኔ እንዳትለፉ በርትታችሁ ተማሩ» የሚለውን። እናንተ ይህን ስትሉ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ልጆች አንዱ አባቱ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጋበዘውም እሱ ነው።